የዳማ ጾም

ባለፈው ሁዳዴ ለሥራ ጉዳይ ጁባ ሄጄ ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል መኝታዬ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሆነና፣ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ስከፍት የአጥንት ቅቅል ሽታ ፊቴን ሞላው። ሆቴሉ የሐበሻ ነው። ባለቤቱም ሠራተኛውም ይጾማል፤ ተመጋቢው ግን አብዛኛው የአገሩ ሰው ስለሆነ ድስቱ ሁለት ነው፣ አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ። ይህን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ያደግኩበት ነው። መስኮቱን መልሼ ዘጋሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላውን ሰው ምራቅ የሚያስውጥ ሽታ የእኔን አፍ አፈር አፈር ያሰኘዋል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ለሰው ግን አውርቼው አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጁባ ና ባሪ በሚባል የጁባ ሰፈር ውስጥ፣ ፊቱ ምግብ ቤት ጀርባው መኖሪያ የሆነ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ምግብ ቤቱ የእናቴ ነው። ሰው ሁሉ እትዬ ጽጌ ይላታል፤ እኔ እማዬ እላታለሁ። አባቴ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ ቤተሰቡ እሷ፣ እኔ፣ ውሻችን ዳማና ድመታችን ወይዘሮ ነን። ዳማ ስሟን ያገኘችው ከጠጉሯ ነው። ወይዘሮን ግን የሰየመቻት እማዬ ናት፤ ስትራመድ ጭቃ እንደምትጠየፍ የሀብታም ሚስት እግሯን ከፍ ከፍ ታደርግ ስለነበር። "ወይዘሮዋ ዛሬም ምሳቸው አልጣማቸውም" እያለች ታላግጥባት ነበር።

ዳማ የምግብ ቤት ውሻ ናት፤ የሚበላ ጠፍቶባት አያውቅም። በሁዳዴ እንኳ እማዬ ለደንበኞቿ ሥጋ ትሠራ ስለነበር፣ እኛ ምስር ስንበላ ዳማ እቃ ማጠቢያው ሥር ተጋድማ አጥንቷን ትቆረጥማለች። ውሻ ይጹም አይጹም የሚል ጥያቄ በዚያ ግቢ ውስጥ ለማንም መጥቶለት አያውቅም።

የዚያን ዓመት ጥምቀት ካለፈ በኋላ የግቢው ባለቤት "ፎቅ ልሠራበት ነው፣ ልቀቁልኝ" አለ። እማዬ ለመነችው፣ ሽማግሌ ላከችበት፤ አልሆነም። ወንበሩንም ምድጃውንም ሌላ ሐበሻ ወሰደው። እማዬ አላለቀሰችም። ትልልቆቹን ድስቶች አንድ በአንድ በአሸዋ ፈትጋ፣ እንደ አዲስ እያብረቀረቁ ነው ያስረከበቻቸው። እኔ ደስ ብሏት የምታጸዳ መስሎኝ አብሬያት እየዘፈንኩ ፈተግኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

የተዛወርን ቀን ፒክ አፕ መኪና መጣ። እማዬ ወይዘሮን ያዘችና ጆንያ ውስጥ ከተተቻት። "ድመት መንገዱን ካየች ተመልሳ ትሄዳለች" አለችኝ፤ አፉን በሻሽ አሰረችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጆንያው የከሰል ስለነበር ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጠቆረ። ወይዘሮ መንገዱን ሙሉ ሰው በሚመስል ድምፅ ስታለቅስ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ለዳማ ግን ጆንያም ገመድም አላስፈለጋትም። ፍራሹ እንደተጫነ ራሷ ዘልላ ወጣችና ላዩ ላይ ቂብ አለች። ሙቀት ነው፣ አቧራ ነው፤ እሷ ምላሷን አውጥታ ነፋሱን ትጠጣለች። እኛ ካለን የትም ብንወስዳት ግድ አልነበራትም።

አዲሱ ቤት ኮር ዊሊያም የሚባል ሰፈር ነው። አንድ ክፍል ብቻ፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ፣ መካከሉ ላይ አንድ ማንጎ ዛፍ ያለበት። የግቢው ባለቤት ኡስታዝ ላዱ የሚባሉ በጡረታ ያሉ መምህር ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ የሚለብሱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀሩላቸው ዶሮዎቻቸው ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዷን በስም ይጠሯታል። ዳማ ከመኪናው ስትወርድ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ከእማዬ ጋር በጁባ አረብኛ ብዙ ተነጋገሩ፤ እሷ "ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" ትላለች፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ የደረሱበት ይህ ነው፤ ዳማ ማንጎው ሥር ትታሰራለች። እስከ ፋሲካ ድረስ ዶሮ ካልነካች የግቢው ውሻ ትሆናለች። ከነካች ግን በዚያው ቀን ትወጣለች።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ምግብ ቤቱ ሄዷል፣ ጓደኞቼ እዚያው ቀርተዋል፣ እማዬ የሰው ሆቴል ተቀጥራ ከማለዳ እስከ ማታ አላያትም። ወይዘሮም ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገብታ ሦስት ቀን አልወጣችም። ዳማም ከሄደች ብቻዬን መቅረቴ ነው።

የቅበላ ዕለት እማዬ ትንሽ ሥጋ ሠራች፤ አጥንቱን ለዳማ ሰጠኋት። እማዬ ነጠላዋን ስታጣፋ ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ ዳማ ምን ትበላለች?"

"እኛ የምንበላውን ነዋ። ምግብ ቤት የለን፣ ከየት አመጣላታለሁ?"

እሷ የድህነታችንን ነው የነገረችኝ። እኔ የሰማሁት ሕግ ነው። በዚህ አዲስ ቤት ሁላችንም እንጾማለን ማለት ነው፣ ውሻም ድመትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዴት ሳናስበው ቀረን ብዬም ደነገጥኩ። ምናልባት ምግብ ቤቱን ያጣነው ለዚሁ ይሆናል፣ በሁዳዴ አጥንት ስትቆረጥም በኖረች ውሻ ምክንያት። እንደዚያ ነው ያሰብኩት። በቤተ ክርስቲያን ሴቶች ስለት ሲሳሉ ሰምቻለሁና እኔም በዚያው ምሽት የማርያም ሥዕል ፊት ቆሜ ተሳልኩ። ሦስታችንም፣ እኔ፣ ዳማና ወይዘሮ እስከ ፋሲካ ጾማችንን ሳናፈርስ እንይዛለን፤ አንቺም ዳማን አታስወጪብን። ስለት ለሰው ከተነገረ አይሰምርም የሚል ነገር ከየት እንዳመጣሁ እንጃ፣ ለእማዬ እንኳ አልነገርኳትም።

ለእኔ አልከበደኝም። ለዳማ ግን ሽሮ የነካው እንጀራ ሳቀርብላት አሽትታ ቀና ብላ ታየኛለች። ዋናው የተረሳ ይመስል ትጠብቃለች። በሦስተኛው ቀን መብላት ጀመረች፤ የምትበላው ግን ለይሉኝታ ያህል ነው። ግማሹን ትተወዋለች።

በግቢው ውስጥ ከእኛ ሌላ አንዲት ሐበሻ ተከራይ ነበረች፣ አስቴር። ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። "አስቱ በይኝ" ብላ በመጀመሪያው ቀን ፀጉሬን ሠርታልኛለች። እማዬ ግን ብዙም አልቀረበቻትም፤ "ጴንጤዋ" ነው የምትላት። አስቱ በሁዳዴ ሥጋ ትበላለች፣ እሑድ እሑድ በሯን ዘግታ እየዘመረች ታለቅሳለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ትባርካለች። ለእኔ ምርቃቷ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዳይታወቅብኝ እጠነቀቅ ነበር እንጂ።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አስቱ ከሥራ ስትመለስ በእጇ ፌስታል ይዛ መጣች።

"ሚጣ፣ ይኸው ለዳማ። ከሥጋ ክፍሉ ለምኜ ነው፣ ገና ሲቆረጥ የወደቀ አጥንት ነው። አይተሻታል ግን? ጎኗ እኮ እየታየ ነው።"

ተቀበልኳት። አስቱ ክፍሏ ስትገባ ዳማ ገመዷን እስከ መጨረሻው ወጥራ ቆማለች። በሕይወቷ ጮኻብኝ የማታውቅ ውሻ ያን ዕለት እንደ ሕፃን አለቀሰችብኝ። ልቤ ተከፈለ። ፌስታሉን እንደያዝኩ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ወጣሁ። ከጀርባችን በዝናብ ጊዜ ብቻ ውሃ የሚሄድበት ደረቅ ኮር አለ፤ አጥንቱን እዚያ ውስጥ ዘረገፍኩት።

አስቱ በየማታው ማለት ይቻላል አመጣች። እኔም በየማታው ኮር ወሰድኩ። በሳምንቱ ውስጥ የመንደሩ ባለቤት አልባ ውሾች ሰዓቱን አወቁት፤ ከሩቅ ሲያዩኝ ጭራቸውን እየቆሉ ይቀበሉኛል። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በእኔ ስለት ወፈረ፣ ዳማ ብቻዋን ከሳች። ስመለስ እጄን ትልስ ነበር። ጣቶቼ ላይ የቀረውን ስብ፣ በጥፍሬ ሥር ያለውን ሳይቀር። ጾሟን እንዳታፈርስ ብዬ ከዚያ በኋላ አጥንቱን እንደደፋሁ እጄን በአመድ አሽቼ መምጣት ጀመርኩ። ምን ዓይነት ልጅ ነበርኩ እላለሁ አንዳንዴ። ክፉ አልነበርኩም። ግን ክፉ ብሆን ከዚህ የተለየ ምን አደርግባት ነበር?

እማዬ እሑድ ቀን ብቻ ነው ዳማን በብርሃን የምታያት። "ይቺ ውሻ ሰፈሩ አልተስማማትም፤ የጥንት ቤቷ ናፍቋት ነው" ትላለች። አስቱ ደግሞ "ይህን ሁሉ አጥንት እየበላች መክሳቷ ሆዷ ውስጥ ትል ቢኖር ነው" ትለኛለች። ኡስታዝ ላዱ ግን ረክተዋል። ዳማ ቀኑን ሙሉ ማንጎው ሥር ተኝታ ስለምትውል "ኩዌስ፣ ጥሩ፣ ጨዋ ውሻ ናት" ማለት ጀምረው ነበር። እኔም ስለቱ እየሠራ ነው ብዬ ልቤን ሞላሁት።

ያስቸገረችኝ ወይዘሮ ናት። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ከወጣች በኋላ አዲሱን ቤት ከማናችንም ቀድማ ለመደችው። አጥሩ ላይ ራሳቸው ብርቱካንማ የሆነ እንሽላሊቶች ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ፤ በቀን አንድ ሁለት ትይዛለች። ባየኋት ቁጥር ከአፏ እያስጣልኩ በጥፊ እላታለሁ። "አንቺ ነሽ የምታስቀስፊን" እላታለሁ። እሷ ግን እግሯን ከፍ ከፍ እያደረገች ሄዳ ሌላ ትይዛለች።

የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቼ የዳማን ምሳ ሰጠኋት፤ የምስር ወጥ የነካው እንጀራ። አልነካችውም፤ አገጯን ሳህኑ አጠገብ አድርጋ ተኛች። እኔ ክፍል ውስጥ ዩኒፎርሜን ልለውጥ ገባሁ። ከኡስታዝ ላዱ ዶሮዎች አንዷ፣ ገና ጫጩቶች የፈለፈለችው፣ እየጫረች ወደ ሳህኑ መጣችና ከእንጀራው መልቀም ጀመረች። የሰማሁት አንድ ጩኸት ብቻ ነው። ስወጣ ላባ በላባ ሆኗል። ዳማ ከነላባው እየዋጠች ነበር፣ ዓይኗን ጨፍና። ስሟን ጠራሁት፤ ቀና አላለችም። ጫጩቶቹ እየጮሁ ዙሪያዋን ይሮጣሉ።

ኡስታዝ ላዱ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጫጩቶቹን በሸሚዛቸው ሰብስበው በረንዳቸው ላይ ተቀመጡና እማዬ እስክትመጣ ጠበቋት። አመሻሹ ላይ ሁላችንም ማንጎው ሥር ቆምን፤ አስቱም ከሥራ ገብታለች።

"አንዴ ደም ከቀመሰች ነገ ልጅ ትነክሳለች" አሉ ኡስታዝ ላዱ በአረብኛቸው። "ጨዋ ውሻ ነበረች። ማነው ደም ያስለመዳት?"

አስቱ ግራ ተጋባች። "ርቧትማ አይሆንም። ማታ ማታ አጥንት አመጣላት የለ?"

እማዬ ዞረች። "የምን አጥንት?"

"ከሆቴል ነዋ፣ ከሥጋ ክፍሉ። ለሚጣ እሰጣታለሁ።"

"ጥሬ አጥንት?"

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። "ትሰጥሽ ነበር?"

"አዎ።"

"አንቺስ ለውሻዋ ትሰጪያት ነበር?"

ሁሉም እኔን ያዩኛል። በዚያች ሰዓት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ አሁንም ይታየኛል፤ የኡስታዝ ሸሚዝ ውስጥ የሚንጫጩት ጫጩቶች፣ የእማዬ እጅ ላይ የደረቀ ሊጥ፣ ስትቀመጥ እንኳ አጥንቷ የሚቆጠረው ዳማ። ኮር ውስጥ ደፋሁት ብል እማዬ ለምን ትለኛለች። ለምን ብትለኝ ስለቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ያኔ ዳማን የሚያተርፋት ምንም ነገር አይኖርም። እንዲህ ነበር ያሰብኩት ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ፈራሁ፤ ሌላ ምንም አይደለም።

"እሰጣት ነበር" አልኩ።

እማዬ በአስቱ ላይ ያፈሰሰችውን ሁሉ አልደግመውም። በሁዳዴ በቤቴ ደም አስገባሽብኝ አለቻት። የኔ ልጅ ያላት ይህቺው ውሻ ብቻ ነበረች አለቻት። ድስቶቹን ስታስረክብ ያላለቀሰችው ልቅሶ ያን ቀን አስቱ ላይ ወረደ። አስቱ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ ሰማች።

በማግስቱ የኡስታዝ ላዱ ወንድም ልጅ ፒክ አፕ ይዞ መጣ። ማንጋቴን የሚባል ሰፈር መጋዘን ይጠብቃል፤ ውሻ ቢኖር ደስ ይለዋል ተባለ። እማዬ ገመዱን ከማንጎው ፈታችና ዳማን ወደ መኪናው አመጣቻት። ልትገፋት ስትል ዳማ ራሷ ዘለለች። አቅም ስላነሳት በመጀመሪያው ወደቀች፤ በሁለተኛው ወጣች። ከዚያ ዞራ ጭራዋን እየቆላች እኛን ጠበቀች፣ ፍራሹን፣ ጆንያውን፣ እኔን። መኪናው ሲነሳ ገና ጭራዋን እየቆላች ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሰውየው ላከ። ገመዱን በጥርሷ በጥሳ በመጀመሪያው ቀን ጠፍታለች አለ። እማዬ ነጠላዋን ደርባ እጄን ያዘችኝና ፍለጋ ጁባ ና ባሪ ድረስ ሄድን። የድሮው ግቢያችን በር ተነቅሏል፣ ማጠቢያው የነበረበት ተቆፍሯል። ሠራተኞቹን ጠየቅን፤ ውሻ አላየንም አሉ። እኔ ጥፋቱን አሁንም ከራሴ ላይ ለማውረድ እየታገልኩ ነበር። በመንገድ ላይ "ወይዘሮ እንሽላሊት ስለበላች ነው" አልኩ ለራሴ። ዓርብ ስቅለት ነበረ፤ ከእማዬ አጠገብ ቆሜ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። ለማን እንደምሰግድ፣ ምን እንደምለምን ጠፍቶብኝ ነበር።

በዚያ ሳምንት እማዬና አስቱ አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገሩም። ሰሙነ ሕማማት ሰው ሰላም የማይባባልበት ሳምንት ስለሆነ መኳረፋቸው ለጎረቤት አልታወቀም። እኔ ግን አውቃለሁ። አስቱ ጠዋት ስትወጣ አንገቷን ደፍታ ነው፤ ማታም ባዶ እጇን ትገባለች። ክፍል ፈልጋ እንዳገኘች፣ ከበዓሉ በኋላ እንደምትለቅ ከኡስታዝ ላዱ ሰማሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር ተቀምጫለሁ። አስቱ ከክፍሏ ወጥታ መጣችና ፊቴ ቁጢጥ አለች። ዓይኗ አብጧል።

"ሚጣዬ" አለችኝ። "እናትሽ ልክ ናቸው። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ፣ ጥሬ አጥንት ለውሻ ምን እንደሚያስለምድ አውቃለሁ። ከሲታ መሆኗን ብቻ አይቼ ሳላስብ ሰጠኋት። ጓደኛሽን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።"

አፌን ከፈትኩ። እማዬ በራችን ላይ ለቅዳሴው የምትለብሰውን ነጠላ ይዛ ቆማ ኖሯል። ሰምታታለች።

"ነገ ፋሲካ ነው ልጄ" አለችኝ፣ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስልሶ። "ቂም ይዘሽ አታንጊ። ይቅር በያት።"

አስቱ እጄን ያዘች። እኔ እማዬን አየሁ፣ አስቱን አየሁ፣ መሬቱን አየሁ። ከዚያ ልክ ሽማግሌ ፊት እንደቆመ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት።

አስቱ አለቀሰች። አቅፋ ግንባሬን ሳመችኝና "ተባረኪ" አለችኝ።